የውድድር ደንብ

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ምሳ በልተው ካርታ ይጫወታሉ። የተሸነፈ ወለሉን ይጠርጋል፤ ከዚያ ያለፈ ቂም የለም። ካርታው ያረጀ ነው፤ ከሁለቱ ጆከሮች አንዱ ከጠፋ ቆይቷል።

አዲሱ ወረቀት ቆራጭ ከመጣ ወዲህ ግን ጨዋታው ጨው አጣ። ሰውየው በወጣትነቱ ከውድድር ውድድር ሲዞር የኖረ ነው። ሊጫወት ሲቀመጥ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይጠቀልላል፤ አያወራም፤ የሰው ጣት ጣት ያያል። ስሙን «ዳኛው» አሉት።

ዘንድሮ የማተሚያ ቤቶች የካርታ ውድድር ሩቅ ከተማ ተዘጋጀ። ከየቤቱ አንድ አሸናፊ ይሄዳል፤ ፈቃዱም መኪናውም ከድርጅቱ ነው። ይህ ከተሰማ ጀምሮ ካርታ በቅጡ መያዝ የማታውቀው መጽሐፍ ጠራዧ በየቀኑ ታሸንፍ ጀመር።

ዳኛው አንድ ቀን የዘበኛውን እጅ ለቀም አደረገ። ዘበኛው ጆከሩን ከተጣለው ካርታ ሥር ሊሸጉጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ጆከር ደርሶት የሚሸነፍ ሰው ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ አጭበርባሪ።»

ዘበኛው ወደ ጥግ ወሰደው። «ለጠራዧ ብለን ነው፤ ልጇ እዚያ ከተማ ልትወልድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ከልክሏታል። አንተ ምን ይጎድልብሃል?»

«ውድድር ሌላ፣ ርኅራኄ ሌላ። ዓርብ እኔና እሳቸው እንጫወታለን፣ በደንቡ። ያሸነፈ ይሄዳል።»

ጠራዧ ይህን ስትሰማ መርፌዋ ጣቷን ወጋት።

ከዚያ ወዲያ ዳኛውን ሰላም የሚለው ጠፋ። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላሉ፤ እንዲህ ላለው ዳኛ ምን ይነገራል?» አለ ዘበኛው።

ዓርብ ደረሰ። ዳኛው ሁሉንም ከጠራዧ ጀርባ አስነሣ፤ እጅጌዋን አስጠቀለለ።

«እትዬ፣ ቅርጫትዎን ይክፈቱልኝ።»

ከውስጡ ጭብጥ የማትሞላ የሹራብ ኮፍያ ወጣች። ካርታ ተደብቆባት እንደሆነ ገለበጣት፤ ጥቂት ያዛትና አጥፎ መለሳት። ከዚያ «በረደኝ» ብሎ ኮቱን አምጥቶ ለበሰ። ዘበኛው ሙቀቱን በባርኔጣው እያራገበ በላብ ተጠመቀ።

ጨዋታው ተጓተተ። ጠራዧ ካርታ ባነሣች ቁጥር ጆከሩን ትጠብቃለች፤ ጆከሩ የለም።

«እሱ ጋ ነው። አለቀላት» አለ ዘበኛው በሆዱ።

በመጨረሻ ካርታዋን ዘረጋች። «ጨረስኩ መሰለኝ» አለች፣ የምትጠይቅ ይመስል።

ዳኛው የዘረጋችውን አንድ በአንድ አየ፤ ደግሞ አየ። «ትክክል ነው» አለና የራሱን ሳይገልጥ ከክምሩ ጋር ቀላቀለ። ሰዎቹ ጠራዧን አቅፈው ሲስሟት እሱ መጥረጊያውን አነሣ።

ጎንበስ ሲል ጆከሩ ከኮቱ እጅጌ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከቁርጥራጭ ወረቀቱ ጋር አብሮ ጠረገው።