የአቶ ደግፌ ምሳ

የምንትዋብን አንጀት ያቆስሉት የነበሩት የገዛ አካሏ ዘበኞች፣ ከበሽታ ሊጠብቋት የተፈጠሩት ሕዋሳት ናቸው። ሐኪሞቹ ከአንድ ሟች አንጀት የተወሰዱ ተሕዋስያን ሲሰጧት፣ ሕዋሳቱ አደብ ገዙና ዳነች። ሟቹ የኮምቦልቻው የጭነት መኪና ሹፌር አቶ ደግፌ ነበሩ። አዲስ የወጣው ሕግ ደግሞ ለለጋሹ ቤተሰብ ተቀባዩን በሳምንት አንድ ቀን የማብላት መብት ሰጥቷል።

ስለዚህ ባለቤታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ሐሙስ ሐሙስ አቶ ደግፌ ይወዱት የነበረውን የሱፍ ፍትፍት ይዘው ይመጣሉ። ድሮ ሽታው ምንትዋብን ያስጠላት ነበር፤ አሁን በሩ ሳይንኳኳ አፏ ምራቅ ይሞላል። የእናቷን ወጥ ግን ሆዷ አልቀበል ብሏል። እናቷ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብተው ይቀመጣሉ።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ «ሐዋሳ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው» አሉ።

እናት ከጓዳ ወጡ። «ምግቡ ቢቀርስ?»

«ተሕዋስያኑ የለመዱትን ካጡ ይሞታሉ ብሎኛል ሐኪሙ። በሽታውም ይመለስባታል።»

«እንግዲያው ያስተምሩኝ» አሉ እናት። «ባለቤትዎ ጨው ያበዙ ነበር?»

ሁለቱ ሴቶች አብረው ጓዳ ገቡ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እናቷ ብቻቸውን ሠርተው ሳህኑን አቀረቡላት። ምንትዋብ እንደ ወትሮው «ብዪ፣ ልጄ» እስኪሏት ጠበቀች። እናቷ ግን ዓይናቸውን ከሆዷ ሳይነቅሉ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ጎንበስ አሉ።

«ይብሉ፣ አቶ ደግፌ» አሉ።

ምንትዋብ «እማ» ልትል አፏን ከፈተች። እጇ ግን ቀድሟት ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ነበር።