የእማማ ከሪማ ትሪ

በደርግ ጊዜ ጦርነት በሰላይነት የተያዙ ሰዎችን ቤተሰቦች ታሪክ ነው የማጠናው። ትናንት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ እማማ ከሪማ ቤት ነበርሁ። ባለቤታቸውን ወታደሮች በሰላይነት ይዘው ጣና ውስጥ ጥለውባቸዋል።

ለሁለታችን ምሳ በአንድ ትሪ ዓሣ ቀረበ። ቤቱ የበሰበሰ ጭቃ ይሸታል። እንዳላስቀይማቸው ብዬ በላሁ። ማንም ባልተቀመጠበት በኩል ግን ዓሣው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ባለቤትዎ እውነት ሰላይ ነበሩ?» አልኋቸው፣ መቅረጫውን ለማስተካከል አቀርቅሬ።

«እሳቸውኑ ጠይቃቸው።»

ወዲያው ጉርሻ አፌ ውስጥ ገባ፤ ጥሬ፣ ቅርፊቱ ያልተነሳ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል። ያጎረሱኝ ጣቶች ቀዝቃዛና እርጥብ ነበሩ። ቀና ስል የእማማ ከሪማ ሁለቱም እጆች ጭናቸው ላይ ናቸው።

«እንዳትተፋው ልጄ» አሉኝ፤ «ይከፋቸዋል።»