የታመመው በርበሬ

ረቡዕ ጠዋት ጣሊያናዊው የአትክልት መርማሪ አስተርጓሚውንና አራት ወታደሮች አስከትሎ ወደ ደብሪቱ ማሳ ወረደ። የበርበሬ ማሳዋ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ከጣሊያን ምሽግ ሥር ነው።

ደብሪቱ ስታያቸው ሥራዋን ትታ ቆመች። ባሏ ውበቱ አርበኛ ነህ ተብሎ ከተያዘ ወር አልፎታል። የታሰረው እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው፤ ነገ ሐሙስ ይሰቀላል። አሁን ደግሞ ወደ እሷ መጡ።

መርማሪው ባለፈው ሳምንት ከማሳዋ የተጨማደዱና የተዥጎረጎሩ ቅጠሎች ወስዶ ነበር። ጭማቂያቸውን በጤነኛ የትንባሆ ቅጠል ላይ አሽቶ ጠበቀ። ዛሬ ያንኑ የትንባሆ ቅጠል ይዞ መጥቷል፤ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል።

«በሽታው ተገኝቷል» አለ አስተርጓሚው እንዳላማው። «የምሽጉን ቲማቲም ያስቃጠለው ያው ነው። በእጅ ንክኪ ይተላለፋል ይላሉ። ማሳሽን ማን ነካው?»

«ከእኔ በቀር የነካው የለም።»

«ባልሽ እስኪያዝ የምሽጉን ቲማቲም ትኮተኩቺ የነበርሽውም አንቺ ነሽ።»

ደብሪቱ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይሰቀል ነበር። ፈራች።

እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አልቅሺ፣ ለምኚ። ቲማቲማችንን ሆን ብላ ነው በሽታ ያስያዘችው ካሉ አለቀልሽ።»

መርማሪው ተክሉን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየ። ጤነኛ አላገኘም። ሁሉም ተነቅሎ እዚያው ይቃጠል አለ።

ደብሪቱ እግሩ ላይ ወደቀች። «በማርያም ጌታዬ! ልጆቼ ምን ይበላሉ? ፍሬው በእግሩ ደርቋል፤ ፍሬውን እንኳ ልልቀም!»

እንዳላማው ተረጎመ።

«ከነፍሬው» አለ መርማሪው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ወታደሮቹ እየነቀሉ ይከምሩ ጀመር። ደብሪቱ አላስነቅልም እያለች ተክሉን ታቀፈች፤ እየጎተቱ አነሷት፤ ተመልሳ ወደቀች። በእሷ ጩኸት የተነሣ የአንድ ሰዓት ሥራ እስከ ቀትር ተጓተተ። እሳቱ ሲለኮስ፣ በዚያ ተዳፋት ቀትር ላይ ሁልጊዜ እንደሚሆነው፣ ነፋሱ ከዓባይ ሽቅብ መንፈስ ጀምሮ ነበር።

ጭሱ ተነሣ። መርማሪውና ወታደሮቹ ዓይናቸውን ይዘው እየሳሉ ተበታተኑ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ከምሽጉም ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ የሚሮጥ እግር።

ደብሪቱ በሽታውን ከምሽጉ ቲማቲም ወደ በርበሬዋ ባሻገረችበት እጇ እንባዋን ጠረገች፤ ነጠላዋን በውሃ ነክራ አፍንጫዋ ላይ አሰረችና ከገደሉ ሥር ለተደበቁት አርበኞች «ወደ ምሽጉ ውጡ፤ አሁን አያዩም» አለች።