የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ብስባሽ

ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጓዳ የሚጣል ነገር አይወጣም። የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የባቄላው ገለባ፣ የጠላው አተላ፣ የምድጃው አመድ ሁሉ አፉ በተሸረፈ የወለቃ ማሰሮ ይጠራቀምና ጓሮ ካለው ጉድጓድ ይገባል። ከብት የሌለው የጎንደር ከተማ ቤት ፍግ ከየት ያመጣል? እሷ ግን ከጥራጊ አፈር ታወጣለች።

ጣሊያን ከወጣ ሰባተኛ ዓመቱ ነበር። ባለፈው ዓመት ብስባሹ ጉድ የሚያሰኝ ጎመን አብቅሎላት፣ ሁዳዴን ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ ሆሳዕና ቤቷን በጎመን ቀለበች። ባሏ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የድጓ መምህር ናቸው፤ በየዕለቱ ባርከው በሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩም። እሷም ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው ብላ ኮራች።

ዘንድሮ ጎመኑ አልነሣ አለ። ቅጠሉ ገረጣ፣ ግንዱ ቀጠነ። ጉድጓዱን ብታይ ትናንት የሞላችው ጎድሏል። እንደገና ሞላችው፤ በማግስቱ እንደገና ጎደለ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማሆይ ይመኙሽ ጎመን ግን ከጉልበት በላይ ደርሷል።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ነውና ወለተሩፋኤል ጠረጠረች። እማሆይ እንዲያው ጎረቤት አይደሉም፤ ሦስቱንም ልጆቿን ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። ስለዚህም ጥርጣሬው አንጀቷን በላው። ሰላምታዋ አጠረ። እማሆይም ሲያዩዋት አንገታቸውን ሰብረው ወደ መቁጠሪያቸው ይመለሳሉ፤ ይኸ ደግሞ ባሰባት።

ለባሏ ብትነግራቸው አዘኑ። በሐሰት አትመስክሪ የሚለውን ትእዛዝ ጠቀሱላት፣ ምናልባት የጅብ ሥራ ይሆናል አሉ። ጅብ የሽንኩርት ልጣጭ ሲበላ ማን አይቷል ብላ ሞገተቻቸው። መሪጌታም ምን ይሁን ብለው ራሳቸው እሾህ ቆርጠው ጉድጓዱን ከደኑት። በማግስቱ ለኪዳን ከሄዱ በኋላ ብትመለከት እሾሁ እንደ ተከደነ ነው፤ ብስባሹ ግን የለም።

ሌባዋ እጀ ጥሩ ናት አለች በልቧ።

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቆረጠች። እሑድ ለነፍስ አባቷ ትናገራለች፤ ከዚያ በኋላ ከእማሆይ ጋር ወጥ መዋዋስ፣ አብሮ ማልቀስና መሳቅ ያከትማል። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ። መናኝ ሴት ላይ አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን በዓይኗ ማየት ፈለገች።

ዓርብ ማለዳ፣ መሪጌታ ለኪዳን እንደ ወጡ፣ ነጠላዋን ደርባ በአጥሩ ክፍተት አጮለቀች። ጎህ ቀዷል። እማሆይ በጎመናቸው መካከል ቆመዋል። እግራቸው ሥር አንድ ቅርጫት ሙሉ ብስባሽ፣ ያውም የራሷ የሽንኩርት ልጣጭ የሚታይበት፣ ተቀምጧል። ወለተሩፋኤል ለመጮህ አፏን ከፈተች።

እማሆይ ግን ከጎመኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ለሚኮተኩት ሰው እየተናገሩ ነበር።

“ምነው፣ ይብቃ እንጂ። ልጅቱ ፊት ነሳችኝ፤ በስተርጅና ሌባ ሆንሁላት።”

“ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ፣ እማሆይ” አሉ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ወገባቸውን እያቀኑ። “የኛ ጎመን ዘንድሮም ከበቀለ ሁዳዴን አልዘልቀውም።”