የኪዳኑ ጠባቂ

ኪዳኑ የዶክትሬት ጥናቱን በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ላይ ሊሠራ መሆኑን ሲናገር፣ እናቱ ወይዘሮ በለጠች እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«ሌላ አውሬ ጠፋ? እዚያ አገር ደም አለብህ እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ኪዳኑ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ደረስጌ ላይ በመሬት ጠብ ዳኛ ያርጋልን በጥይት ገድሎ ነበር። ዳኛ ያርጋል ነገር የሚበርድላቸው፣ አገር የሚነሣላቸው ሰው ነበሩ። ከሦስት ሚስት ወልደዋል፤ ደመኛ ተብሎ በስም የሚጠራው ግን የመጀመሪያው ልጃቸው እንግዳው ነበር። የኪዳኑ አባት እስር ቤት ሞተ። ወይዘሮ በለጠች አንድ ልጃቸውን ይዘው ወደ ዳባት ሸሹ። ደሙም ሳይመለስ፣ እርቅም ሳይወርድ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ።

«እማዬ፣ ዘመኑ እኮ 2001 ነው» አላቸው ኪዳኑ። «ጭላዳውም ያለው እዚያ ነው።»

ፓርኩ ስካውት የሚባል ታጣቂ ጠባቂ ሳይመድብ ማንንም አያስገባም። ደባርቅ ጽሕፈት ቤት ተራው የሌላ ሰው ነበር፤ ከስካውቶቹ አንዱ ደምለው ግን የኪዳኑን ስም ሲሰማ ብድግ ብሎ «እኔ ልሂድ፤ የተማረ ሰው እወዳለሁ» አለ። ደባርቅ እናቱ ዘንድ ያደገ፣ አርባ የሚጠጋው፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው።

ወይዘሮ በለጠች ሊሸኙ መጥተው ስለ ነበር የደምለውን እጅ ያዙ።

«ልጄን አደራ። ደመኛ አለበት።»

«ሰምቻለሁ፣ እናቴ። እስኪመረቅ ድረስ አንዲት ጠጉሩ አትነካም።»

ጨነቅ በሚባለው የፓርኩ ሰፈር ድንኳን ተከሉ። ኪዳኑ አንድ የጭላዳ መንጋ መርጦ ከጧት እስከ ማታ ይከተል ጀመር። በሦስተኛው ወር አንድ ጎረምሳ አውራ መጥቶ ከመንጋው ጌታ ጋር ገጠመ። ጌትየው ፊቱ ተተልትሎ፣ አንድ ዓይኑ ፈስሶ ሸሸ። አዲሱ አውራ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሮጌውን ልጆች አንድ በአንድ ነክሶ ገደለ። አንዷ እናት የሞተ ግልገሏን ተሸክማ ስትዞር ኪዳኑ ይጽፍ ነበር።

«ልጆቹ ምን አጠፉ?» አለ ደምለው።

«የአባታቸው ዘር ናቸው። በቃ።»

ደምለው ሬሳውን ትክ ብሎ አየ። «ለማደግ እንኳ ጊዜ አይሰጧቸውም» አለ።

እንግዳው መጀመሪያ የታየው በዚያው ሰሞን ነው። ከገደሉ ማዶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ምንሽሩን በትከሻው አንግቶ ቆመ።

«ኪዳኑ! ብቻህን ና! አነጋግርሃለሁ!»

ደምለው ከእግሩ ሥር ተኮሰበት። ድንጋዩ ተፈናጥሮ እንግዳው ተሰወረ።

«ደመኛ ና ሲለው የሚሄድ ቆሞ የሞተ ሰው ነው» አለ ደምለው።

ሁለተኛ ጊዜ ደባርቅ ገበያ መካከል መጣ። የኪዳኑን ክንድ ጨምድዶ ወደ ጆሮው ሲጠጋ ደምለው በሰደፍ አፉን መታው። ሁለት ጥርሱ መሬት ወደቀ።

ሦስተኛ ጊዜ የመጣው በጥናቱ ሁለተኛ ዓመት ነበር። ጉም ተራራውን በሸፈነበት ጧት እንግዳው በቀጭኑ መንገድ ሮጦ መጣ። ኪዳኑ ጮኸ። ደምለው አንዴ ተኮሰ። እንግዳው ክንዱ ከትከሻው ሥር ተሰብሮ ወደቀ፤ ደሙ በሣሩ ላይ ተረጨ። ፖሊስ ሲፈትሽ ምንሽሩ ጥይት አልነበረበትም።

«ሲሮጥ ተበትኖበት ይሆናል» አለ ደምለው። ኪዳኑም አመነ።

ፍርድ ቤት የቀረበው አንድ ክንዱ ተቆርጦ ነው።

«ሰውየውን የምትከተለው ምን ፈልገህ ነው?» አሉት ዳኛው።

እንግዳው ምስክር ሆኖ የቆመውን ደምለውን ረጅም ጊዜ አየው። እንባው ወረደ።

«የምለው የለኝም» አለ።

ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ኪዳኑ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። የዚያ ሰው ደም በሕልሙ ይመጣበታል። በሦስተኛው ዓመት ዕቃውን ሸክፎ «ይቅርብኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬ እኖራለሁ» አለ። ደምለው ተቆጣ። በአራት ዓመት አንድ ቀን የተቆጣው ያን ጊዜ ነው።

«ሳትጨርስ? እንዴት ተደርጎ!»

ሻንጣውን ፈትቶ መልሶ ድንኳን ውስጥ አስገባ። ማስታወሻውን ይሸከምለት፣ መንጋውን አብሮት ይቆጥር ጀመር። አንድ ቀን ኪዳኑ ገደል አፍ ላይ ሲያዳልጠው ደምለው በልቡ ተኝቶ በቀበቶው ያዘው፤ ሁለት ጥፍሩ ተነቅሎ ደሙ እየፈሰሰ ጎትቶ አወጣው። ያን ቀን ኪዳኑ አቅፎት አለቀሰ። ያለ አባት ላደገ ሰው ደምለው ወንድምም አባትም ሆነለት።

በ2005 ሰኔ ኪዳኑ ጥናቱን በፈታኞች ፊት አቅርቦ አለፈ። አዳራሹ በር ላይ እንደ ቆመ ለደምለው ደወለ።

«በቃ ዶክተር ተባልህ? ወረቀቱንም ሰጡህ?»

«ሰጡኝ፣ ጋሽ ደምለው! ነገ እመጣለሁ!»

በማግስቱ አዲስ ጋቢ ገዝቶ፣ የታሰረውን ጥናቱን ይዞ ጨነቅ ደረሰ። ጧቱ ጥርት ያለ ነበር። ሁለቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጡ። ከሥራቸው ጭላዳዎቹ ሣር ይነጫሉ። ኪዳኑ ጋቢውን አለበሰው፤ የምስጋናውን ገጽ ገልጦ የደምለው ስም ከእናቱ ስም ቀጥሎ መጻፉን አነበበለት።

ደምለው ጋቢውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ተነሥቶ ክላሹን አቀባበለ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ዶክተር» አለ። «አባቴ ዳኛ ያርጋል ትልቅ ሰው ነበር፤ ደሙ በተማሪ አይመለስም ብዬ ነው አራት ዓመት የጠበቅሁህ።»