መቶ ፈረስ

ሶላንዥ አራቱን የብረት ቀለበቶች የዠርማን መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ደረደረችና፣ «መልሳቸው» አለች። «ሰኞ መርማሪው ሞተሩን ፈትቶ ሊያይ ይመጣል። ከዚያ በፊት ቦታቸው መልሳቸው።»

ዠርማን ከቀለበቶቹ ይልቅ ፊቷን አየ። ልጇን ፋብሪስን ከቀበረች ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነው። የልጁ ሞተር ሳይክል ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። በከተማው ሌላ ጋራዥ ስለሌለ ፖሊሶቹ ከመንገድ አንስተው ያመጡት እዚሁ ነው። እሷ ከገባች ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

«የት አገኘሻቸው?»

«ሦስቱን ከመሳቢያው። አንዱን የቁልፍ መያዣው ላይ አንጠልጥሎት ነበር፤ ሆስፒታል ሰጡኝ።»

መንግሥት የሞተር ሳይክል ጉልበት ከመቶ ፈረስ እንዳያልፍ ከደነገገ ወዲህ፣ ፋብሪካዎቹ ነዳጅና አየር የሚገባበትን የሞተሩን ጉሮሮ በእንዲህ ያሉ ቀለበቶች እያጠበቡ ይልካሉ። መካኒክ ደግሞ በድብቅ ያወጣቸውና ለባለቤቱ ያስረክባቸዋል፤ ባለቤቱም እንደ ሜዳልያ ይዟቸው ይዞራል። ዠርማን ለስንት ሰው እንዳወጣ ራሱም አያውቅም። ሕጉን አምርሮ ይጠላዋል። ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ የሚናገረው እሱ ነው። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ክሌርሞን ከተማ ላይ ሰልፍ አለ። ጓደኞቹ የፋብሪስን ፎቶግራፍ ይዘው፣ ሞተራቸውን ደጅ ደርድረው እየጠበቁት ነው።

«ለማንም እንዳትነግሪ፣ እማዬ፣ ሞተሯን ዠርማን ለቀቃት አለኝ» አለች ሶላንዥ። «አሁን ትበራለች ሲለኝ አፉ ጆሮው ደርሶ ነበር። ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ይኸው አሁን ሰፈሩ ሁሉ ፍጥነት ነው የገደለው፣ እብድ ነበር ይላል። ይበሉ፤ አፍ የላቸውም እንዴ። ወረቀት ላይ እንዲሰፍርበት ግን አልፈልግም። አንተም እኮ አትተርፍም። የምለምንህ ለሁለታችን ነው።»

ዠርማን አንዱን ቀለበት አንስቶ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው።

«እነዚህ የሱ አይደሉም።»

«እንዴት የሱ አይደሉም?»

«ከአንድ አሮጌ ሞተር የፈታኋቸው ናቸው። የሱን አላወጣሁም፣ ሶላንዥ።»

«አትቀልድብኝ። ዛሬ ቀልድ የምችል ይመስልሃል?»

ዠርማን ካቻቪቴውን ይዞ ሄደና ሸራውን ገፈፈው። የተጨማደደውን ቆርቆሮ ወደ ጎን አድርጎ፣ ካርቦራተሩን ፈትቶ የእጅ ባትሪውን አበራላት። ሶላንዥ ዓይኗን ጨፍና ቀረበች፤ ከዚያ እንደምንም ገልጣ አየች። አራቱም ቀለበቶች፣ ከፋብሪካ እንደመጡ፣ በየቦታቸው ነበሩ።

«ሞተሩን ቀኑን ሙሉ እዚህ አውዬ፣ ጠራርጌ መለስኩለት» አለ። «ለሌላው ሁሉ አወጣለሁ። እሱን ግን ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ አይቼዋለሁ። እጄ እምቢ አለኝ። አላወጣም ብዬው ቢሆን ደግሞ ሌላ ከተማ ሄዶ ያስወጣ ነበር።»

«በረረች አለኝ እኮ!»

«ለኔም ሊነግረኝ እየበረረ መጥቷል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው አለኝ።»

ሶላንዥ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቋም ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ሞኝ ልጄ» አለች፣ «የኔ ሞኝ።» የዠርማንን ሁለት እጆች ከነግራሶው ይዛ ጉንጩን ግራና ቀኝ ሳመችው። «በሕጉ ነበር የሚነዳው ማለት ነው። ማንም ምንም ሊለው አይችልም። እኔ አንተን ስረግምህ ነው የሰነበትኩት፣ ይቅር በለኝ። ለካ ከኔ ሌላም የሚሳሳለት ሰው ነበረው።»

እሱ ግን ስሞሽዋን የሚችል ጉንጭ አልነበረውም። ፋብሪስ የሞተው ዳገቱ ላይ፣ ግንድ የጫነ መኪና ደርቦ ሊያልፍ ሲል ከፊት በመጣ መኪና ተገጭቶ ነው። ሾፌሩ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ጋዜጣ አውጥቶት፣ ዠርማን ቃል በቃል ያውቀዋል። «ሞተሩ እንደሚያወጣው እርግጠኛ ሆኖ ነው የገባው፤ ሊያልፈኝ የቀረው አንድ ክንድ ነበር» ብሏል ሰውዬው። ዠርማን ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ጭነት መኪና ላይ ቆሞ፣ ደርባችሁ ስታልፉ ከፊት መኪና ቢመጣባችሁ የሚያወጣችሁ ጉልበት ነው፣ መንግሥት የሚነጥቀን እሱን ነው ሲል ኖሯል። ፋብሪስ ሁልጊዜ ከፊት ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። አምኖታል። ቀለበቶቹ ወጥተው መቶ አርባ ፈረስ አለኝ ብሎ፣ ለመቶ አርባ ፈረስ በሚበቃ ክፍተት ውስጥ በመቶ ገባ።

ሶላንዥ ዓይኗን ጠራርጋ ቀለበቶቹን እዚያው ትታ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ ቆመች።

«የጭነት መኪናው ሰውዬ…» አለች ሳትዞር፣ «አንድ ክንድ ነበር የቀረው ያለው…»



ዞረች። «ፋብሪስ ያውቅ ነበር? እንዳላወጣህለት?»

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። ውሸት ግን አልመጣለትም።

«አያውቅም» አለ።

በሩ ገርበብ ሲል ደጅ ያሉት ዠርማን የወጣ መስሏቸው ሞተራቸውን ተራ በተራ አስነሱ። የጋራዡ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሶላንዥ አንድ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ዓይኗ ከዓይኑ ሳይነቀል አየ፤ ድምፅዋን ግን ሞተሮቹ ዋጡት። ድገሚልኝ ለማለት አቅም አጣ።