የፈውዚያ ቅጣት

ይጁቤ ከተማ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው ፈውዚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ የልቧን የምታጫውተው ሰው አልነበራትም። ገበያ ሲቀዘቅዝ በስልኳ አንድ ጨዋታ ውስጥ ትገባለች፤ ሰዎች በሌላ ስም፣ በሌላ ከተማ የሚኖሩበት ጨዋታ ነው። እሷ እዚያ ሐኪም ናት። ማክሰኞ ዕለት በሽተኛ ሆኖ የመጣ አንድ ተጫዋች «ዶክተር፣ አንቺስ ደህና ነሽ?» ቢላት፣ ሳታስበው «ቤቴ ባዶ ነው፤ ከሰው ጋር ካወጋሁ ሰነበትኩ» ብላ ጻፈችለት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ የጨዋታው ተቆጣጣሪዎች የተቀጡትን ሰዎች ለሁሉም በሚለጥፉበት ሰሌዳ ላይ ስሟን አየች። የጨዋታ ስሟን አይደለም፤ «ፈውዚያ» ይላል። እዚያ ይህን ስም ለማንም ነግራ አታውቅም።

«ጥፋት፦ ስለ እውነተኛ ኑሮዋ ማውራት። ቅጣት፦ ዝምታ።»

የቀኑ ብዛት አልተጻፈም። ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ‘እዚህ አገር ማን ያየዋል’ ብላ በልቧ ተጽናናችና ስልኩን ከጨርቁ ጣቃ ሥር ሸጎጠችው።

ጥቂት ቆይቶ አያ ባዘዘው ገቡ። ከገጠር ለገበያ የሚመጡ፣ ስልክ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሽማግሌ ደንበኛዋ ናቸው። ሌላ ጊዜ ገና ከበር ዋጋ ይከራከሯት ነበር። ዛሬ ግን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ስንመጣ መንገዱ ሁሉ የሚያወራው ይኸንኑ ነው። ለስንት ቀን ፈረዱብሽ?»

ፈውዚያ «ምን ሰምተው ነው?» ልትላቸው አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።